ለአኦርታ እብጠት የቱ ይሻላል፦ የሚሰፋው ዳክሮን ወይስ በብሽሽት የሚገባው ስቴንት ግራፍት?

አኦርታ ከልብ የሚነሣው ትልቁ የደም ሥር ነው፤ እዚህ የምናወራው ሆድ ውስጥ ስላለው ክፍሉ ነው። ዳክሮን ሆድ ተከፍቶ የሚሰፋ የሰው ሠራሽ ጨርቅ ቧንቧ ነው፤ ስቴንት ግራፍት ደግሞ በብረት መረብ የተደገፈ የጨርቅ ቧንቧ። አባቴ ሐኪሙን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ቶሎ የሚያስነሳኝ የትኛው ነው?» በብሽሽት የሚገባው ተባሉ፣ እሱኑ መረጡ፣ በ3ኛው ቀን ቤታቸው ገቡ። «ከ8 ዓመት በኋላስ?» ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልነበረም።

በመጀመሪያው ወር ስቴንቱ እንደሚበልጥ አያከራክርም። በብሪታንያ 1,252 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ የተከታተለው ኢቫር 1 የተባለው ጥናት እንዳሳየው፣ በ30 ቀን ውስጥ ስቴንት ከገባላቸው 1.8 በመቶ፣ ሆዳቸው ተከፍቶ ከተሠሩት 4.3 በመቶ ሞተዋል። ከ8 ዓመት ወዲያ ግን ሚዛኑ ተገለበጠ፤ ብዙ የሞተው ከስቴንቱ ወገን ሆነ።

ነገሩ ያለው አያያዙ ላይ ነው። ዳክሮን ከጤነኛው አኦርታ ጋር በክር ይሰፋል። ስቴንት ግራፍት ግን ግድግዳውን ገፍቶ፣ አንዳንዱም በትንንሽ መንጠቆ ተይዞ ይቆማል፤ ያበጠው ከረጢትም እዚያው ይቀራል። ዓመታት ሲያልፉ የአኦርታው አንገት ይሰፋል፣ ቧንቧው ይንሸራተታል፣ መገጣጠሚያው ይላቀቃል፣ ጨርቁ ይበሳል። ደም ወደ ከረጢቱ ሲገባ ኢንዶሊክ ይባላል። ከትንንሽ ቅርንጫፎች የሚመጣው፣ ከረጢቱ ካላደገ፣ ብዙ ጊዜ በክትትል ይታለፋል። ከጫፉ ወይም ከመገጣጠሚያው የሚገባው ግን ሳይዘገይ መታረም አለበት።

በ7ኛው ዓመት የአባቴ ሲቲ ስካን ላይ፣ ከቧንቧው ውጭ ግራጫ መሆን በነበረበት ቦታ፣ ጥፍር የምታህል ነጭ ነገር አየሁ፤ ወደ ከረጢቱ የገባ ደም ነበር። ከረጢቱም አድጎ ነበር። «ኧረ ምንም አላመመኝም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አያምም። በላይኛው ጫፍ ተጨማሪ ቁራጭ ገብቶላቸው ተረፉ።

ዳክሮንም እንከን አያጣም። ስፌቱ ላይ ሐሰተኛ አኑሪዝም (ከስፌቱ ሾልኮ በወጣ ደም የሚፈጠር እብጠት) ሊያብጥ፣ ቧንቧው ሊመረቅዝ፣ የሆዱ ቁስል ቦታ ሄርኒያ ሊያወጣ ይችላል። አልፎ አልፎ ደግሞ አንጀትን ይበሳል። ስለዚህ ይህ ቧንቧ ያለው ሰው ደም ቢያስታውክ ወይም ሰገራው ቢጠቁር፣ ዓመታት ቢያልፉም፣ ድንገተኛ ክፍል ሄዶ «አኦርታዬ ላይ ሰው ሠራሽ ቧንቧ አለኝ» ይበል።

ልቡና ሳንባው ደህና ለሆነ የ60ዎቹ ሰው የሚሰፋውን እመርጣለሁ። ለደከመ የ80 ዓመት አዛውንት ስቴንቱን። ባንኮክ ወይም ሕንድ ታክሞ አገር ቤት የሚመለስ ሰው፣ ሲቲ በየዓመቱ ማግኘቱንና ወጪውን አስቀድሞ ያስላ። ስቴንቱን ከመረጠም የቧንቧውን ስምና መጠን የያዘውን ካርድ፣ ከመጀመሪያው ሲቲ ዲስክ ጋር፣ ሳይቀበል ከሆስፒታሉ አይውጣ።