ማገናኘት ወይስ ማሰማራት፦ ለኤጀንሲ የቱ ይሻላል?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ኤጀንሲ ሠራተኛና ቀጣሪን ሊያገናኝ፣ ወይም ራሱ ቀጥሮ ለደንበኛ ድርጅት ሊያሰማራ ይችላል። በሁለቱም ከሠራተኛው ክፍያ መቀበል ክልክል ነው፤ «መመዝገቢያ» ብሎ መቀበልም ያው ነው።

መነሻ ገንዘብ
ማገናኘት፦ ቢሮ፣ ስልክና በደንብ የተያዘ መዝገብ ይበቃል።
ማሰማራት፦ 40 ጥበቃዎች በ4,000 ብር ብትቀጥሩ የወር ደመወዙ 160,000 ብር ነው፤ የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ሲጨመር 177,600 ይሆናል። ደንበኛው ክፍያውን ሁለት ወር ቢያዘገይ 355,200 ብር ከራሳችሁ ይወጣል። ይህን ሳይዙ መግባት አደገኛ ነው፤ የሠራተኛው የቤት ኪራይ ደንበኛው እስኪከፍል አይጠብቅም።

ስጋት
ማገናኘት፦ ሠራተኛው በ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜው ውስጥ ቢለቅ ደንበኛው ምትክ ይጠይቃል። ስንት ጊዜ በነፃ እንደምትተኩ ውሉ ላይ ጻፉ።
ማሰማራት፦ አሠሪው እናንተ ናችሁ። ደንበኛው ውሉን ቢያቋርጥም የሠራተኛው ጥያቄ ወደ እናንተ ይመጣል፦ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ፣ ሲገባውም የስንብት ክፍያ (ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ)። ሒሳቡም በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ስለዚህ ዋጋ ስታቀርቡ በደመወዝ ላይ ኮሚሽን ብቻ አትደምሩ፤ የስንብትና የፈቃድ መጠባበቂያ በየወሩ አስሉ። የበዓል ትርፍ ሰዓት በ2.5 እጥፍ ስለሚከፈል ማን እንደሚሸፍነው አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ለማን?
ለደንበኛ የምታፈላልጉት ሒሳብ ሠራተኛ፣ መሐንዲስና የሽያጭ ሠራተኛ ከሆነ፣ ካፒታላችሁም ትንሽ ከሆነ ማገናኘት ይስማማችኋል። በየወሩ በሰዓቱ የሚከፍል ደንበኛና ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ በባንክ ካላችሁ፣ ለጥበቃና ለጽዳት ማሰማራት።