ርካሽ ቱርኒኬት የገዛችሁ፣ ዛሬውኑ አውጥታችሁ ጣሉት

በተለይ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ታክሲ የምትነዱ፣ እባካችሁ ይሄን አንብቡልኝ። የምነግራችሁ ኦንላይን ስለሚሸጥ ፎርጅድ ቱርኒኬት ነው። እጅ ወይም እግር ክፉኛ ሲቆረጥ ከቁስሉ በላይ ታስሮ፣ በዘንግ እየተጠመዘዘ ደም የሚያቆመው ማሰሪያ ማለቴ ነው። ስድስት ገዝቻለሁ። አንዱም ለነፍስ የሚታመን አይደለም።

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ባለፈው ክረምት የግራይንደር ዲስክ ተሰብሮ አብሮት የሚሠራውን ልጅ ክንዱን ቆረጠው። በፎጣ ጠቅልለው በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሱት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ገባኝ። ካት የሚባለው ኦሪጅናል ቱርኒኬት አንዱ ወደ 30 ዶላር ነው። ቁርጥ እሱን የሚመስል፣ ጽሑፉም ቀለሙም ያው የሆነ፣ ሁለቱ በ13 ዶላር አየሁ። ሦስት ጥቅል አዘዝኩ። ሁለቱን በሰው ሻንጣ ለወንድሜ ላክሁ። ሁለቱን ለዕቁብ ጓደኞቼ ሰጠሁ። ሁለቱን መኪናዬ ውስጥ አስቀመጥኩ።

ባለፈው ቅዳሜ «ስቶፕ ዘ ብሊድ» የሚባለውን ሥልጠና ወሰድኩ። በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ እንደኔ ያለ ተራ ሰው ደም ማቆም እንዲችል ያስተምራል። የራሴን ይዤ ሄድኩ። ጭኔ ላይ አሰርነውና አሰልጣኟ ዘንጉን አዙር አለችኝ። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ሦስተኛው ላይ ዘንጉ ጎበጠ፤ መሃሉ ላይ ነጭ መስመር አወጣ። ትንሽ ገፋ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። እሷ ጣቶቿን የእግሬ መዳፍ ጀርባ ላይ አሳርፋ ትርታዬን ትከታተል ነበር። «አሁንም ይመታል» አለችኝ። ደሜ አልቆመም ማለት ነው። ሁለተኛውን ሞከርን፤ እሱ ደግሞ ገና ሲጠብቅ ቬልክሮው ተላቀቀ።

የጭን ትልቁ የደም ቧንቧ ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሌላ ላምጣ፣ ልቀይር የሚባልበት ጊዜ የለም። አሰልጣኟ የነገረችኝ ሌላው ነገር ደግሞ ይብሳል። ደምን ወደ ልብ የሚመልሱት ሥሮች ግድግዳቸው ስስ ስለሆነ በትንሽ ጫና ይዘጋሉ። ደም የሚያመጣው ቧንቧ ግን ጠንካራ ነው፤ በደንብ ካልተጨቆነ ክፍት ይቀራል። ስለዚህ ቱርኒኬቱ ከላላ ደሙ መግባቱን ይቀጥላል፣ መመለሻው ይዘጋል፣ መውጫው ቁስሉ ይሆናል። ደሙ ሊብስበት ሁሉ ይችላል።

እንዴት ተሸወድኩ? አስተያየቶቹን አምኜ። ተመልሼ ሳነባቸው «ቶሎ ደረሰልኝ»፣ «ቀለሙ ያምራል» የሚሉ ናቸው። እግሩ ላይ አስሮ ያጠበቀው የለም። ሻጩ «ኤፍዲኤ የተመዘገበ» ብሎም ለጥፏል፤ ኤፍዲኤ የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተቆጣጣሪ ነው። መመዝገብ ማለት ኤፍዲኤ ዕቃውን መርምሮ አጽድቆታል ማለት አይደለም፤ እኔ ይሄን አላውቅም ነበር።

ዕቃውን በዓይን አይታችሁ አትለዩትም፤ ፎርጅዱ ሎጎው ሳይቀር ተገልብጧል። የሚያዋጣው የት እንደምትገዙ ማወቅ ነው። ካትን የሚያቀርበው ኖርዝ አሜሪካን ረስኪው የሚባል ኩባንያ ነው፤ ከራሱ ድረ ገጽ ወይም እሱ እውቅና ከሰጣቸው ሻጮች ግዙ። ዘንጉ ብረት የሆነው «ሶፍ ቲ» የሚባለው ሌላ ቱርኒኬትም ጥሩ ነው፤ እሱንም ከአምራቹ። ዋጋው በግማሽ ከወረደ አትንኩት። ሰማያዊው ካት ለልምምድ ነው፤ ልምምዱን በእሱ አድርጉና ለክፉ ቀን የምታስቀምጡትን አትነካኩት።

አያያዙ ከባድ አይደለም። ከቁስሉ 5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ጉልበትና ክርን ላይ አይሆንም። ደሙ እስኪቆም ጠምዝዙ። ሰውየው ይጮኻል፣ በጣም ያማል፤ አታላሉለት። የታሰረበትን ሰዓት ጻፉ። ሐኪም እስኪያየው አትፍቱት። ቱርኒኬት ከሌለ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በሁለት እጅ፣ በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑ።

ቅዳሜ ማታ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ እኮ፣ ሠራተኛው ሁሉ ያውቀዋል» አለኝ። ስልኩ ላይ ሆኜ በመቀስ አስቆረጥኩት። ኦሪጅናሉን በሚቀጥለው ወር በሚሄድ ሰው እልክለታለሁ፤ እስከዚያ ሚስማሩ ላይ ጎዝና የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ተሰቅሏል።

ከዕቁቡ አንዳችሁን አግኝቻለሁ። ሁለተኛህ ስልክህ አይነሳም። ይሄን ካየህ፣ መኪናህ ኪስ ውስጥ ያለውን አውጥተህ ቁረጠው፤ ምትኩን እኔ ገዝቼ አመጣልሃለሁ።