ጳጉሜንን የማያውቅ የሱቅ መመዝገቢያ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ዱቤውንም የዕቃ ክምችቱንም በደብተር ስይዝ ኖሬ፣ ባለፈው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ገና ገበያ ላይ የወጣ የሱቅ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ገዛሁ። ዋጋው ለአንድ ዓመት 14,000 ብር ነው። ሠሪዎቹ ጀማሪዎች ስለሆኑ ስማቸውን አልጠራም። የገጠመኝን የምጽፈው እንደ እኔ አዲስ ሶፍትዌር ለመግዛት ለሚያስቡ ነጋዴዎች ነው።

መልካሙን ላስቀድም። በታብሌት ይሠራል፤ መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ መመዝገቡን አያቆምም። ከዳር እስከ ዳር አማርኛ ነው፤ ሻጯ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለምዳዋለች።

ችግሩ ብቅ ያለው ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ትምህርት ሊከፈት ሲል ወላጅ ሁሉ ልጁን አስከትሎ ስለሚመጣ፣ እኛ ቁርስ ለመቅመስ እንኳ ጊዜ የማናገኝበት ሳምንት ነው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ለልጅ ልጆቻቸው ሁለት ደርዘን ደብተር በዱቤ ወሰዱ። የዱቤ ወረቀታቸውን ከታብሌቱ አትመን ስንሰጣቸው መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡና ወደ ሻጯ መለሱላት። «ልጄ፣ ነሐሴ 31 የሚባል ቀን አለ እንዴ?»

እውነትም ነሐሴ 31 ይላል። ሕጋዊው ደረሰኝ ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ስለሚወጣ አልተነካም። የሶፍትዌሩ የወር ማጠቃለያ ግን ነሐሴን በ30 ስለሚዘጋ፣ የዚያን ጠዋት ሽያጭ በሙሉ ከቁጥር አውጥቶታል። በዓመቱ ትልቁ ገበያችን ላይ!

ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው የሸጠልኝ ሠራተኛ ነበር፤ ያን ጊዜ «ተፈትኖ ያለቀ ነው፣ አንዳች እንከን የለበትም» ብሎኝ ነበር። አሁን ደግሞ «ቀኑን ስታስገቡ ተሳስታችሁ ይሆናል» አለኝ። የተቆጣሁት በዚህ ነው። አዲስ የተሰፋ ልብስ የት ጋ እንደሚጠብ የሚታወቀው ሲለበስ ነውና ስህተት መገኘቱ አልገረመኝም። ቀኑን ግን እኛ አናስገባም፤ ራሱ ነው የሚሞላው። ይህን ሳያጣራ ጥፋቱን ወደ ደንበኛ ማዞር ተገቢ አይደለም። እንከን የለበትም ብሎ ባይሸጥልኝ ኖሮ፣ ለዚያ ሳምንት አስቀድሜ ደብተሬን ከጎኔ አስቀምጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሶፍትዌሩን ከሠሩት ወጣቶች አንዱ ራሱ ደወለልኝ። የወረቀቱን ፎቶ በቴሌግራም አስላከኝና አየው። «እናቴ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው» አለ። «ስሌቱን ስንጽፍ አሥራ ሦስተኛውን ወር ዘለልነው። ዛሬ ይስተካከላል ብዬ አልዋሽዎትም፤ ሰኞ እስከ ስድስት ሰዓት ግን እልክልዎታለሁ። እስከዚያ ዱቤውን በደብተር ይያዙት።» ጥፋቱን አመነ፣ ሰዓቱን ቆረጠ፣ እስከዚያም ምን እንደማደርግ ነገረኝ። ቁጣዬ በረደ።

ሰኞ ሩፋኤል ነበር። የሰፈር ልጆች ዝናብ ሲጠብቁ፣ እኔ ደግሞ ማሻሻያውን ስጠብቅ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰ። በነሐሴ 31 የገቡትን 46 ምዝገባዎች አንድ ሳያጎድል ወደ ጳጉሜን 1 አዛወራቸው። በዚህ ብቻ አልለቀቅኩትም፤ «ጳጉሜን ስድስት ስትሆንስ?» ብዬ ጠየቅኩት። በስልክ እየመራኝ የታብሌቱን ቀን ወደ 2019 ዓ.ም. መጨረሻ ወሰድነው፤ ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ጳጉሜን 6 ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎ መስከረም 1 ቀን 2020። በስልኩ ውስጥ የእፎይታ ትንፋሹን ሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ማሻሻያ ጋር «ገና ያልተስተካከሉ» የሚል አንድ ገጽ ይልካሉ። ከ14,000 ብሩ ውስጥ ለዚህች ገጽ የከፈልኩት አይቆጨኝም፤ በየትኛው ሥራ ላይ ልተማመንበት፣ በየትኛው ላይ ልጠንቀቅ እንደሚገባኝ የማውቀው በእሷ ነው። ከሽያጭ ሠራተኞች ጋር ስትነጋገሩ፣ ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ገጽ ጠይቁ።

አሁንም በገጹ ላይ ያለው ትልቁ ችግር የስም ፍለጋ ነው። ሻጯ አንዱን ደንበኛ በሃሌታው ሀ፣ እኔ በሐመሩ ሐ መዝግበን፣ አንዱ ሰው በሁለት ስም 1,850 እና 900 ብር ዕዳ ተይዞበት አገኘነው። በኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው፣ ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለእሱ የተለያዩ ናቸው። ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። ስሞች በማንኛቸውም ቢጻፉ ፍለጋው አንድ ላይ እንዲያመጣቸው እየሠሩበት መሆኑን ነግረውኛል፤ ቀጠሯችን ኅዳር 30 ነው። እስከዚያ ድረስ የዱቤ ስሞችን የምመዘግበው እኔ ብቻ ነኝ፤ ቀኑንም ጽፌ ከገንዘብ መሳቢያው በላይ ለጥፌዋለሁ።