የሶላር ባለሙያ ለምትፈልጉ፦ የእኛን ቤት የሠራውን ልጅ ልጠቁማችሁ

ሰላም ወዳጆች። አዲስ አበባ ሆናችሁ ሶላር ለማስገባት የምታስቡ ካላችሁ፣ ሰው አለኝ። እግረ መንገዴንም ላመስግነው፤ ፊት ለፊት ሳመሰግነው «ሥራዬ እኮ ነው እትዬ» ብሎ ያልፈኛል።

ከእሱ በፊት የመጣ አንድ ድርጅት ቤቱን በቅጡ ሳያይ ጆሮ የሚያስይዝ ዋጋ ጽፎልን ሄደ። ይሄ ልጅ ግን ስለ ፓኔል ከማውራቱ በፊት ቤቱን ዞረ። ክላምፕ ሜትር በሚባለው፣ ሽቦውን ከውጭ ይዞ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ በሚለካው መሣሪያ እያንዳንዱን መስመር ለካ። ፍሪጁ በር ላይ ወረቀት አድርጎ ዘጋና ሳብ ሲያደርገው ወረቀቱ ሳይታገል ወጣ። «ይሄ ፍሪጅ ሰፈሩን ነው የሚያቀዘቅዘው» አለኝ። የበሩ ጎማ ተቀየረ፤ ሞተሩ አሁን አረፍ እያለ ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ በርቶ የሚውለውን ቦይለር ከመታጠባችሁ በፊት ብቻ አብሩት አለን። ባለ 60 ዋቶቹን አሮጌ አምፖሎች በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አስቀየረን። ይሄ ሁሉ ገና ሶላር ሳይገዛ ነው! ታሪፉ ብዙ በፈጀን ቁጥር ደረጃው ስለሚጨምር ሂሳቡ ወዲያው ቀለል አለ።

የምጣዱ ነገርማ ይለያል። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ይስባል። ባለቤቴ እሱም በሶላር ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። ልጁ ወረቀት አውጥቶ አሰላለት፤ ለምጣዱ ሲባል ብቻ ኢንቨርተሩም (የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) ባትሪውም ማደግ ሊኖርባቸው ነው። «ምጣዱን ለመብራት ኃይል ተዉለት፤ ደግሞ አንዴ ከጋለ አይቀር አከታትላችሁ ጋግሩ» አለ። ትልቁን ሸጦልን መሄድ ሲችል እኮ ነው።

በመጨረሻ የገባልን ሁለት ባለ 550 ዋት ፓኔል፣ ባለ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተርና ባለ 24 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ነው። ፍሪጁን፣ መብራቱን፣ ቲቪውንና ዋይፋዩን ይይዛል። እኛ ያሰብንበት ቦታ ላይ ከሰዓት በኋላ የሮቶው ጥላ ያርፋል። በተከታታይ የተገናኙ ፓኔሎች አንዱ ጥላ ሲነካው ሌላውንም ይዞት ይወርዳል ብሎ ወደ ማዶ አዞራቸው። ከቆርቆሮውም ከፍ አደረጋቸው፤ ፓኔል ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ከስር አየር ይግባው አለ። ትንሽ ያጋደላቸው ደግሞ ዝናብ አቧራውን ይዞ እንዲወርድ ነው። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እንደጣለ ሳንጠራው መጥቶ ጣሪያው እንዳያፈስ አየ። እኔን የገዛኝ ይሄ ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባትሪው ሳይሞላ የሚያመሽበት ቀን አለ። አስቀድሞ ነግሮናል፤ ያኔ ኢንቨርተሩ በራሱ ወደ መብራት ኃይል ይዞራል።

እንከን አልባ ነው አልልም። «ሦስት ሰዓት እመጣለሁ» ካለ አምስት ሰዓት ጠብቁት። ጣሪያ ላይ ከወጣ ስልክ አያነሳም። ዋጋውም ርካሽ አይደለም፤ ግን ደረሰኝና የዕቃዎቹን ዋስትና ወረቀት ይሰጣል።

ስልኩን እዚህ መለጠፍ ስላልፈለገ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የጣሪያችሁንና የቆጣሪያችሁን ፎቶ አዘጋጁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።