ለጀማሪ ጎልፍ ተጫዋች፦ ተጣጣፊው የስዊንግ መለማመጃ ዘንግ በድሬዳዋ ሙቀት

ጫፉ ላይ ከባድ ኳስ ያለውና እንደ ልምጭ የሚተጣጠፈው ይህ የስዊንግ (የዱላ ውዝዋዜ) መለማመጃ ዘንግ ትልቁ ጥቅሙ ችኮላን ማጋለጡ ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ጀማሪ ርቀት የሚያጣው ብዙውን ጊዜ ጉልበት አንሶት አይደለም። ዱላውን ወደ ታች ሲያመጣ በትከሻው ስለሚጀምር የዱላው መንገድ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ከሰውነት ርቆ መጥቶ ወደ ሰውነት፣ ይሆናል፤ ኳሷም ወደ ቀኝ ትጠመዘዛለች። በዚህ ዘንግ እንዲያ ከተቸኮለ ልምጩ ይወላገዳል፣ ሰውነት ሚዛኑን ይስታል። ስህተቱ እዚያው እጅ ላይ ስለሚሰማ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

እግርን በትከሻ ስፋት ከፍቶ፣ መያዣውን ሳያንቁ፣ ሳያቋርጡ ወዲያና ወዲህ 10 ጊዜ ማወዛወዝ ነው። ሲወርድ መጀመሪያ ክብደት ወደ ግራ እግር ይሂድ፣ ቀጥሎ ዳሌ ይዙር፣ ክንድ መጨረሻ ይምጣ። ለጀማሪ ሦስት ዙር ይበቃል፤ ሲደክም ወገብ መጎተት ይጀምራል።

ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ከበረታ በኋላ መዳፍ ስለሚያልበው የጎማው መያዣ ያንሸራትታል። ያኔ ሰው አጥብቆ ይይዛል፣ የእጅ አንጓ ይደርቃል፣ ፍጥነትም ይሞታል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፎጣ ይዞ መውጣት ይሻላል። የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ደስ ይላል፣ ግን ቅርንጫፉ ከዘንጉ ጫፍ በላይ መሆኑን አስቀድሞ በቀስታ አንስቶ ማየት ያስፈልጋል።

ጉድለቱ ኳስ የማይመታበት መሆኑ ነው። ስለዚህ በድራይቨር (ለረጅም ርቀት መምቻ በሚሆነው ዱላ) ሲመቱ የኳሷን አቀማመጥ ለብቻ መለማመድ ግድ ነው፦ ኳሷ በግራ ተረከዝ ትይዩ፣ ቲው (ኳስ የሚቀመጥባት ትንሽ ችካል) ላይ ግማሿ ከዱላው ራስ በላይ።