የአንከር ድንጋይ በሞዴል ባቡር ሐዲድ ዳር

ባቡር ጎንደር ደርሶ አያውቅም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በድሬዳዋ በኩል አልፎ አዲስ አበባ ላይ ቆመ። በእኔ ጠረጴዛ ላይ ግን ጎንደር ጣቢያ አላት። የጣቢያዋን ግንብ የሠራሁት ጀርመን የምትኖረው እህቴ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዝታ በላከችልኝ የአንከር መጫወቻ ድንጋይ ነው። ክረምቱን ጨምሮ ለወራት ስለተጠቀምኩበት አሁን በልበ ሙሉነት ልናገር እችላለሁ።

አንከር ፕላስቲክ አይደለም። የኳርትዝ አሸዋ፣ ጠመኔና የተልባ ዘይት ተደባልቀው በቅርጽ ተጨምቀው የተሠራ ነው። የፈጠሩት በበረራ ሙከራው ስሙ የገነነው ኦቶ ሊሊየንታልና ወንድሙ ጉስታቭ ሲሆኑ፣ ሪሽተር የተባለ ነጋዴ ከ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሩዶልሽታት በተባለች የጀርመን ከተማ አምርቶ ሸጦታል። ቀለሙ ሦስት ዓይነት ነው፦ ቀይ፣ አሸዋማ ቢጫና ሰማያዊ ግራጫ። ቀለሙ ከውስጥ ስለሆነ ተቀብቶ እንደተላጠ ግድግዳ አያስጠላም።

እኔን የማረከኝ ቅስቱ ነው። የፋሲል ግቢን በሮችና መስኮቶች የከበበውን ቀይ ድንጋይ እያዩ ላደገ ሰው ቀዩን ቅስት በግራጫ ግድግዳ መካከል ማስቀመጥ ትልቅ ደስታ ነው። ጉልላቱን ግን በአንከር መሥራት አልቻልኩም። በጎንደር አቅራቢያ ባለችው በወለቃ ሸክላ ሠሪ እጅ አሠርቼ ጫንኩበት፤ ያማረውም እሱ ነው። ሰማያዊዎቹ የጣሪያ ድንጋዮች ሾጣጣ የጀርመን ቤት ስለሚያስመስሉ ወደ ሳጥናቸው መልሻቸዋለሁ።

ልኬቱ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የትልቁ ዓይነት መሠረታዊ ድንጋይ 25 ሚሊሜትር ነው፤ በ1 ለ87 ልኬት (ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ሲያንስ) ይህ ከ2 ሜትር በላይ ስለሚሆን አንዱ ድንጋይ ብቻውን ሰው ይበልጣል። ስለዚህ ግንቡን ከሐዲዱ ራቅ አድርጌ ከኋላ አቆምኩት። ትንሹ ዓይነት 20 ሚሊሜትር በመሆኑ ከሰው ቁመት ጋር ይቀራረባል፤ ለባቡር ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ እሱን ፈልጉ።

ድንጋዩ የሚቆመው በክብደቱ ብቻ ነው። ሙጫ አልነካሁበትም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሊቆይ የሚችልን ዕቃ ማጣበቅ ነውር ነው ብዬ አምናለሁ። ባቡሩ ሲያልፍ ግንቡ አይነቃነቅም፣ ጠረጴዛው በክርን ከተመታ ግን ማማው ይናዳል፤ ሲወድቅም ጠርዙ ይሸረፋል። ለዚህ ግንቡን በራሱ ጣውላ ላይ ሠርቼ ከጠረጴዛው ለይቼዋለሁ።

ጎደሎ ሳጥን ብታገኙም አትለፉት። ሩዶልሽታት ውስጥ በ1995 (እ.ኤ.አ.) ምርቱ እንደገና ስለተጀመረ አዲሱ ድንጋይ ከአሮጌው ጋር ይገጥማል።