ጥቁሩ ብሎን ወይስ ቢጫው? በደሴና በኮምቦልቻ መደብሮች ለእንጨት የሚሸጡት ሲገመገሙ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገብቶ «ለእንጨት የሚሆን ብሎን» ብቻ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጥቁሩ የጂብሰም ብሎን ነው። ርካሽ ነው፣ ጫፉ ሹል ነው፣ ለስላሳ እንጨት ውስጥ ሳይበሳም ይገባል። ለአልጋ፣ ለወንበርና ለበር ግን አይሆንም።

ይህ ብሎን የተሠራው የጂብሰም ቦርድን ለመያዝ ነው። ብረቱ በሙቀት ደንድኗል፤ ስለዚህ ሲጨንቀው አይጎብጥም፣ ቀጭ ብሎ ይቀነጠሳል። ወንበር በተወዛወዘ ቁጥር ጎን ለጎን የሚመጣው ጉልበት የሚያርፈው በጥርሶቹ መካከል ባለው ቀጭን ግንድ ላይ ነው። የብሎኑ ራስ ሥርም እንደ ጡሩምባ የጎበጠ ነው። ይህ የጂብሰሙን ወረቀት ሳይቀድ እንዲሰምጥ የታሰበ ነው፤ ደረቅ ባህር ዛፍ ላይ ግን እንደ ሽብልቅ እየገፋ ይሰነጥቃል። ጥቁሩ ቅብ ስስ ስለሆነ በደሴ ክረምት በረንዳ ላይ የቆየ ዕቃ ብዙም ሳይቆይ የዝገት እንባ ያወርዳል። የሚያዋጣው ለመሳቢያ ወለል፣ ለቁም ሳጥን ጀርባ ኮምፔርሳቶ፣ ወይም ኮላ እስኪደርቅ ለጊዜው ለመያዝ ነው። ለዚያም ቢሆን ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለው ይመረጥ፤ ጥርሱ ደቃቅ የሆነው ለላሜራ ነው። ለእንጨት ሥራ ከአምስት ሁለት ነጥብ ይበቃዋል።

የሚመረጠው ቢጫው የእንጨት ብሎን ነው፤ እሱም ግን ሁለት ዓይነት ነው፣ ልዩነቱም ትልቅ ነው። አንደኛው ከጫፍ እስከ ራስ ሙሉ ጥርስ አለው። ሁለተኛው ከራሱ ሥር ያለው አንገት ለስላሳ ነው። ሁለት እንጨት ለማጋጠም ሁለተኛው ይበልጣል። ሙሉ ጥርስ ያለው ላይኛውንም ታችኛውንም እንጨት እኩል ስለሚነክስ በመካከላቸው የቀረችውን ክፍተት እንዳለች ይዟት ይቀራል፤ ምንም ያህል ቢያጠብቁት አይገጥምም። አንገቱ ለስላሳ የሆነው ግን ላይኛው ውስጥ ይንሸራተትና ራሱ ወደ ታች ይጫነዋል። ሙሉ ጥርስ ያለው ብቻ ከተገኘ የላይኛውን እንጨት ከብሎኑ ትንሽ በሚሰፋ ፑንታ (የድሪል መብሻ) በስቶ ማሳለፍ ነው። ማጠፊያና የብረት ክርን ሲገጠም ደግሞ ሙሉ ጥርሱ ራሱ ይሻላል። ስለዚህ መደብር ሲገቡ «ጋሼ፣ ቢጫውን፣ አንገቱ ጥርስ የሌለውን፣ አራት በሃምሳ» ብሎ በትክክል መጠየቅ ያዋጣል። አራት የጥርሱ ውፍረት፣ ሃምሳ ርዝመቱ ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር።

ፓኬቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ስለ ጥራቱ ብዙም አይነግርም። አንዱን አውጥቶ ማየት ይሻላል፦ ራሱ መሐል ላይ ነው ወይስ ወደ ጎን ያዘነበለ? መስቀሉ ጠለቅ ያለ ነው? ቢቱን (ድሪሉ ላይ የሚሰካውን ብሎን ማዞሪያ ጫፍ) አስገብቶ ብሎኑን አግድም ሲይዙት ሳይወድቅና ሳይወላወል ከቆመ ደህና ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ብሎን በከንቱ የሚበላሽበት ነገር አለ። የጥቁሩ መስቀል ተራ ነው፤ ቢቱ ፒኤች 2 ይባላል። የብዙው ቢጫ ብሎን ራስ ላይ ግን በመስቀሉ ክንዶች መካከል አራት ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ፤ የእሱ ቢት ፒዜድ 2 ነው። ሁለቱ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ፒኤች ቢት ፒዜድ ራስ ውስጥ ሲገባ ይቀመጥ እንጂ አይሞላም፤ ኃይል ሲበዛበት እየዘለለ መስቀሉን ይልጠዋል። ከዚያ ወዲያ ብሎኑ አይገባም፣ አይወጣም። የተላጠውን ለማውጣት ከአሮጌ ከመነዳሪ ትንሽ ቆርጦ በራሱና በቢቱ መካከል ማድረግ፣ ድሪሉን በደንብ ተጭኖ በዝግታ ወደ ኋላ ማዞር ነው።

ርዝመት ሲመረጥ ከብሎኑ ሁለት ሦስተኛው ታችኛው እንጨት ውስጥ ይግባ። 18 ሚሊ ሳንቃ ከ40 ሚሊ እግር ጋር ሲያያዝ 4 በ50 ልክ ነው፤ 32 ሚሊው እግሩን ይይዛል፣ በወዲያኛው ወገንም አይወጣም። ለአልጋ ጎን 5 በ70 ወይም 5 በ80፣ ለረከቦትና ለትንንሽ ሳጥን 3.5 በ25 ይበቃል።

መብሳትን በተመለከተ እንጨቱ ይወስናል። ለ4 ሚሊ ብሎን የፈረንጅ ጥድ ከሆነ 2.5፣ ባህር ዛፍ ወይም ወይራ ከሆነ 3 ሚሊ ፑንታ። ለ5 ሚሊ ብሎን ደግሞ 3 እና 3.5። የላይኛው እንጨት መተላለፊያ ከብሎኑ በግማሽ ሚሊ ይስፋ። ዋንዛ ገራም እንጨት ነው፣ በ2.5 ይሄዳል፤ ጫፉ አካባቢ ግን ይጠንቀቁ። በጠቅላላው ከእንጨቱ ጫፍ 40፣ ከጎኑ 20 ሚሊ መራቅ መሰንጠቅን ይቀንሳል። ጠንካራ እንጨት ላይ ጥርሱን ሻማ ማስነካት ጉልበት ያቀላል። ሳሙና ግን አይቀቡ፤ እርጥበት ስለሚስብ ብሎኑን ያዝገዋል። እርጥብ ባህር ዛፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ውስጡ ያለው አሲድና ብረቱ ሲገናኙ እንጨቱ ዙሪያውን ይጠቁራል። ውጭ ለሚቀመጥ ዕቃ የማይዝገው ነጩ ብሎን (ስቴንለስ) ይሻላል፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ብረቱም ለስለስ ስለሚል ቀዳዳው ከጠበበ ይበጠሳል።

ደሴ ተሠርቶ ወደ ባቲ ወይም ወደ ከሚሴ የሚወርድ ጠረጴዛ የራሱ ነገር አለው። ደጋው ላይ እርጥበት የያዘ ሳንቃ ቆላ ሲደርስ ይደርቃል፤ ሲደርቅም በወርዱ ይኮማተራል፣ በርዝመቱ ግን እምብዛም። ገበታው በስድስት ብሎን ከሥሩ ድርቅ ተደርጎ ከታሰረ መኮማተሪያ ስለሌለው መሐሉን ይሰነጠቃል፤ ጥፋቱም ወደ እንጨቱ ይላከካል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መካከለኛዎቹን ብሎኖች አጥብቆ፣ የዳሮቹን ቀዳዳ በሳንቃው ወርድ አቅጣጫ 10 ሚሊ ያህል ማስረዘም፣ ሮንዴላ አድርጎ ማሰር፣ እዚያ ጋ ኮላ አለመቀባት። ኤምዲኤፍና ችፑድ (ከእንጨት ብናኝና ፍቅፋቂ የተጨመቁ ሰሌዳዎች) ይህ ችግር የለባቸውም። የእነሱ ድካም ጠርዛቸው ነው፤ ሳይበሳ የገባ ብሎን ጠርዙን ያሳብጠዋል ወይም ይከፍለዋል። ለ4 ሚሊ በ3 ሚሊ፣ ከብሎኑ ርዝመት ትንሽ አሳልፎ መብሳት ግዴታ ነው።

ድሪል አንገት ላይ ባለው ቀለበት የተጻፉት ቁጥሮች ለጌጥ አይደሉም፤ ብሎኑ በምን ያህል ኃይል እንደሚጠብቅ የሚወስኑ ናቸው፤ በትንሹ ተጀምሮ ከፍ ይደረግ፣ የመጨረሻዋ ዙር በእጅ ካቻቢቴ ትሁን። የማጠፊያ ብሎን ላልቶ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ የክብሪት እንጨት መጠቅጠቅ ለጥቂት ጊዜ ይይዛል። የሚበረክተው ግን ቀዳዳውን በ8 ሚሊ አስፍቶ፣ ከጠንካራ እንጨት የተላገ ክብ እንጨት በኮላ መትቶ፣ ሌሊቱን አሳድሮ፣ ለ3.5 ሚሊ ብሎን በ2.5 ፑንታ እንደ አዲስ መብሳት ነው።